ዝቅ ብሎ የሚገባ ክሪክ

ነገሩ የተጀመረው በመክተፊያዬ ነው። የምሠራበት ቤተሰብ በየዓርቡ ለሽርሽር ወደ በረሃ ሲወጣ ዕቃውን የምጭነው እኔ ነኝ። ፔርሙዙን፣ ሳህኑን፣ ቢላዋውን፣ ትልቁን የሥጋ መክተፊያ ቆጥሬ አስገባለሁ፣ ሲመለስም ቆጥሬ አወጣለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሣጥኑን ስከፍት መክተፊያው ከመሀሉ ተሰንጥቋል። አሸዋና ጥቁር ዘይት ጠጥቷል። ላዩ ላይ ደግሞ አራት ማዕዘን ብረት የረገጠው የሚመስል ጠባሳ አለ። ሥጋ እንዲህ ያለ ጠባሳ አይተውም።

ልጄን ጠራሁት። ልጄ የዚሁ ቤት ሾፌር ነው። እኔ ዓረብ አገር፣ ሱለይማኒያ ባለው በዚህ ቤት ዘጠኝ ዓመት ምግብ ሠርቻለሁ፤ እሱን ያስመጣሁትም እኔ ነኝ። አሠሪያችንን፣ ከፊላችንን ለምኜ ቪዛ አስወጣሁለት፤ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ እስኪወጣ ድረስ ስሳቀቅ ከረምኩ። የእኔ ክፍል ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው፣ የእሱ ከግቢው በር አጠገብ። ስለዚህ አንድ ነገር ቢደርስበት «ማን ና አለው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እኔ ነኝ። ይህን እያሰብኩ ነው የምተኛው።

«ይሄን ምን ነካው?» አልኩት መክተፊያውን እያሳየሁ።

«እንጨት ነው እማ። እንጨት ይሰነጠቃል።»

«እጅህን አሳየኝ።»

«ምን ለማየት?»

«አሳየኝ አልኩህ!»

የግራ መዳፉ ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው ድረስ ተገፍፏል። በመሐረብ ጠቅልሎት ነበር፤ እኔ ያየሁት የመሐረቡን ጫፍ ነው።

ቀስ በቀስ አወጣጣሁት። ከፊላችን የበረሃውን መኪና ከፍ አስደርጎ ትልልቅ ጎማ አስገጥሞለታል። ከመኪናው ጋር የመጣው ማንሻ፣ ክሪኩ ግን ያው የድሮው ነው፣ ትንሽዬ፣ ለዝቅተኛ መኪና የተሠራ። ዓርብ ዕለት የኋላው ጎማ ተበሳ። ክሪኩ ቢያዞሩት ቢያዞሩት ጎማው ከአሸዋው አይላቀቅም። ልጄም እንዲደርስለት ብሎ መክተፊያዬን ከሥሩ አነጠፈለት። አሸዋው ከአንድ ወገን ሸሸ፣ እንጨቱ ተሰነጠቀ፣ መኪናው ተንሸራቶ ቁጭ አለ። እጁን የሳበው ለትንሽ ነው።

«ታዲያ ክሪኩን ለምን አትለውጡትም?»

«ለአሚ ነግሬዋለሁ።» አሚ የሚለው ከፊላችንን ነው። አጎቴ እንደ ማለት ነው፤ ሾፌሮቹ ሁሉ አሠሪያቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነው።

«ምን አለህ?»

«ኢንሻአላህ አለኝ።»

በዚህ ቤት ኢንሻአላህ ሲባል ዓይን ማየት ያስፈልጋል። ዓይንህን እያየ ካለ ይሆናል ማለት ነው። ስልኩን እያየ ካለ ደግሞ ተወው።

«ምን እያየ አለህ?»

ልጄ መሐረቡን እጁ ላይ መልሶ ጠቀለለ። በገንኩ። ለዚያ መኪና ጣሪያ ላይ የሠርግ ቤት የሚመስል መብራት ተደርድሮለታል። ለወንበሩ የቆዳ ልብስ ተሰፍቶለታል። ለአንድ ክሪክ ግን ኢንሻአላህ! ድጋሚ እንዲጠይቀው ብነግረው እምቢ አለኝ። «አንዴ የተናገሩትን መድገም ጭቅጭቅ ነው፣ ጨቅጫቃ ሾፌር ደግሞ ማንም አይፈልግም» አለ። እንግዲያው እኔ እገዛዋለሁ አልኩ። ሳቀብኝ።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቁጥር አነባለሁ፣ ሴንቲሜትር ሲሉኝ ግን በዓይኔ አይታየኝም። ስለዚህ የትራስ ልብስ የምሰፋበትን ክር ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁ። ልጄ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሀል ያለውን ወፍራም ብረት አሳየኝ፤ ክሪኩ የሚያርፈው እዚያ ነው። ከመሬት እስከዚያ ለካሁ። ጎማው እንዲላቀቅ ደግሞ አንድ ስንዝር ጨመርኩና ቋጠርኩት። ክር አይዋሽም ብዬ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት።

ማክሰኞ አትክልት ልንገዛ ወጥተን የጋራዦቹ ሰፈር ሰናኢያ ወዳሉት የመኪና ዕቃ ሱቆች እንዲወስደኝ ለመንኩት። ወሰደኝ፣ ግን ከመኪናው አልወርድም አለ። «እናቱ ክሪክ የምትገዛለት ሾፌር ሊሉኝ ነው» አለ። ብቻዬን ገባሁ።

ባለሱቁ ወፍራም ሰውዬ ነው፣ ከወንበሩ አይነሳም።

«ያላ፣ ምን ፈለግሽ?»

«ክሪክ።»

«ስንት ቶን?»

«ቶኑን ተወው። የማይወድቅ ስጠኝ።»

ሱቁ ውስጥ ላሉት ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ሳቀ። «ስሙልኝ! የማይወድቅ ክሪክ ፈልጋ መጣች! አንዱን ስታገኚ ለእኔም አምጪልኝ!»

ፊቴ ጋለ። ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ ጢሙ የሸበተ ሠራተኛ ብቅ አለ። አነጋገሩ የወሎ ነው።

«እህቴ፣ እኔ ላሳይሽ። ለማን ነው?»

«ለልጄ። ለበረሃ መኪና። ከፍ የተደረገ ነው።»

መጀመሪያ ያሳየኝ ቁመቱ ከወገቤ የሚያልፍ፣ ብረት ዘንግ ላይ እየተንጠላጠለ የሚወጣውን ነው። ወደድኩት። ጥርስ ጥርስ አለው፣ ሲይዝ የሚለቅ አይመስልም።

«የመኪናው የፊትና የኋላ መከላከያ ብረት ነው ወይስ ፕላስቲክ?» አለኝ።

ወጥቼ ልጄን ጠየቅኩት። በመስኮቱ ስንጥቅ «ፕላስቲክ ነው፣ ያላ እማ፣ ሰላጣው ጠወለገ» አለኝ። ተመልሼ ነገርኩት።

«እንግዲያው ይሄ አይሆንሽም፣ የሚይዝበት ብረት የለውም። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ እጀታው ካመለጠ ተመልሶ አገጭ ነው የሚያወልቅ።»

አገጭ ሲለኝ ዘንጉን እንደ እባብ ተውኩት። ቀጥሎ በመኪናው ጭስ የሚነፋ ወፍራም ከረጢት አሳየኝ፤ አሸዋ ላይ ጥሩ ነው አለ። እሾህ ቢወጋውስ? አልኩት። ቢወጋው ይፈነዳል አለኝ። ይህ ሰው እንደ ሌሎቹ ነጋዴዎች ቢዋሸኝ ኖሮ ቶሎ ገዝቼ እወጣ ነበር። እውነቱን በነገረኝ ቁጥር ፍርሃቴ ይብሳል።

በመጨረሻ ወፍራም ጠርሙስ የሚመስለውን የዘይት ክሪክ አወጣ። ሦስት ዓይነት ነበረው። ክሩን አወጣሁና አንድ በአንድ እያስነሳሁት ለካሁ። ባለሱቁ «ልብስ ሰፊ መጣችብን» አለ። ረጅሙ ከቋጠሮዬ አልፎ ሄደ። እሱን ገዛሁ። መንገዱን ሙሉ ጭኔ ላይ አስቀምጬው እንደ ሕፃን አቅፌው ተመለስኩ። ልጄ እያየኝ ራሱን ይነቀንቃል።

እኔ ግን የገዛሁትን ሳልሞክር አላምንም። ከገበያ የመጣ ድስት እንኳ ውኃ አፍልቼበት ነው ምግብ የምሠራበት። ቅዳሜ መኪናዎቹን ሲያጥብ ክሪኩን ይዤ ወጣሁ።

«ጎማውን አስተንፍሰው» አልኩት።

«የቱን?»

«የኋላውን።»

«አብደሻል እማ? ደህናውን ጎማ?»

«በረሃ ላይ የምትለውጠው ደህና ጎማ ነው እንዴ?»

«አሚ ቢያየኝ ምን እለዋለሁ? እናቴ አስተንፍስ ብላኝ ነው ልበለው?»

«በለው!»

በንዴት ቁጢጥ ብሎ አስተነፈሰው። ጎማው እየተነፈሰ ተኛ፣ መኪናውም ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። ክሪኩን ወደዚያ ወፍራም ብረት ሥር ገፋው። አልገባም። አጋደመው፣ ከኋላ ሞከረ፣ ከፊት ሞከረ። የክሪኩ ራስ ብረቱን እየነካ ይመለሳል። አንድ ጣት ብቻ! በአንድ ጣት ምክንያት አይገባም።

ልጄ ጀርባውን ጎማው ላይ ደግፎ ሳቀ። «ጎበዝ ክሪክ ነው እማ። መኪናውን አንስቼ ከሥሩ ላስገባው?»

እኔ አልሳቅሁም። የለካሁት ጎማው ተነፍቶ መኪናው በቆመበት ነው። ጎማ ሲተነፍስ ብረቱም አብሮ ዝቅ እንደሚል አላሰብኩም። አሸዋ ላይ ደግሞ ገና ጎማው ሰምጦ የባሰ ዝቅ ይላል። ስንት ድረስ እንደሚነሳ ለክቼ፣ ከየት እንደሚጀምር አልለካሁም። ዕድሜ ልኬን ስጠነቀቅ ኖሬ፣ የተጠነቀቅኩት በተሳሳተው ጫፍ። ክሩን በጣጥሼ ጣልኩት። ክሩ ምን አደረገ?

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ባለሱቁ ክሪኩን ገልብጦ አየና «መሬት ነክቷል፣ ኸላስ፣ አልመልስም» አለ።

«ክሪክ መሬት ካልነካ የት ሊቀመጥ ነው? ጣሪያ ላይ?»

«ኸላስ አልኩሽ።»

በሩ ላይ ቆምኩ። አልጮህኩም፣ አልተሳደብኩም፣ ቆምኩ ብቻ። የሚገባው ሰው ጎን ለጎን እየሆነ ያልፈኛል፤ የሚወጣውም እንደዚሁ። ልጄ ውጭ ጡሩንባ ይነፋል። የወሎው ሰው ከውስጥ መጣና ለአሠሪው በዓረብኛ ብዙ አወራ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ ጥፋቱ የኔም ነው። ስንት ድረስ ይነሳል ብሎ የማይጠይቅ የለም። ከስንት ይጀምራል ብሎ የሚጠይቅ ግን አላየሁም። እኔም አልጠየቅኩሽ።»

«ልጄ እኮ ነው ከሥሩ የሚገባው።»

«ይገባኛል። እኔም ቤቴ ልጆች አሉኝ።»

አጠር ያለ አመጣ። ተኝቶ ዝቅ ይላል፣ ሲነሳ ደግሞ ከአናቱ ላይ ሌላ ጠምዛዛ ብረት እየተፈታ ይወጣለታል። ከጓሮ ደግሞ ሰፊና ወፍራም ጣውላ ቆርጦ ጨመረልኝ፤ አሸዋው እንዳይውጠው ነው። ባለሱቁ እጁን አወዛወዘ። «ስጣትና ትሂድልኝ፤ ደንበኛ እየከለከለችብኝ ነው!»

ቤት ደርሰን እንደገና አስተነፈስን፣ እንደገና ሞከርን። ልጄ በዚህ ጊዜ ጥርሱን ነክሶ ታዘዘኝ። ክሪኩ ገባ፣ ጣውላው ላይ ተቀመጠ፣ መኪናው ተነሳ፣ ጎማው ተላቀቀ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለሦስት ቀንም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የከፊላችንን እናት ጉልበት ዘይት እያሸሁላት ነበር። ማማ ከቢራ ነው የምንላት፣ ትልቋ እመቤት ለማለት። ጉልበቷ ሲሞቃት ወሬ ይመጣላታል።

«ነገ ደግሞ ይሄ መኪና እንዳያስጨፍረን» አለችኝ።

«እንዴት ማማ?»

«ያን ዓርብ ልጅሽ ሲያነሳው ወረደና ግው አለ። ልጆቹ ሳቁ። እኔን ጣሪያው ሊነካኝ ነበር።»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«የት እሆናለሁ? ውስጥ ነዋ። ብርድ አልነበረም እንዴ?»

«ሌሎቹስ?»

«ሁላችንም ነበርን።»

እጄ ጉልበቷ ላይ ቆመ። «እሺ» አለች፣ «ለምን አቆምሽ?»

ልጄን ከመኪናው ማቆሚያ አገኘሁት። «ሰዎቹ ውስጥ ተቀምጠው ነው የምታነሳው?»

ወደ መኪናው ዞሮ በሩን መወልወል ጀመረ።

«ሰባት ሰው ተሸክሞ የሚወዛወዝ መኪና ሥር ነው እጅህን የምትከተው? ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ልትገዢልኝ? የሰው ማውረጃ ክሪክ አለ?»

«ውረዱ በላቸው!»

«ማን ሆኜ? የአሚን ሚስት፣ ማዳምን ከነማሞቂያዋ፣ ማማ ከቢራን ከነጉልበቷ፣ ውረዱና አሸዋ ላይ ቁሙ ልበላቸው? እማ፣ አሚ ራሱ አይልም። እሱ ያላለውን እኔ ልል ነው?»

«እሱ እኮ ከሥሩ አይገባም!»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሻል።»

ሁለት ጊዜ ሰናኢያ ተመላልሼ፣ ተስቆብኝ፣ በሩ ላይ ቆሜ የደከምኩት ለካስ ዋናው አደጋ ሳይገባኝ ነው። ክሪኩ ላይ በትልቁ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ይህን ያህል ቶን ይሸከማል የሚል። ከላዩ ተቀምጦ የሚስቅ ልጅ ሲዘል ምን እንደሚሆን የሚናገር ጽሕፈት ግን የለበትም። በራሴ ደግሞ ምን እንዳናደደኝ ልናገር፦ እኔም በዚህ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማንም ውረድ ብዬ አላውቅም። ውረድ ቀርቶ ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ ብዬ አላውቅም። ሳጥብ ተቀምጠው ከሆነ እስኪነሱ እጠብቃለሁ፤ ካልተነሱም እግራቸውን ዞሬ አጥባለሁ። ልጄ ይህን ከማን ተማረው?

በረሃ እኔ አልሄድም ነበር። ምግቡን ሠርቼ መጫን ነው ሥራዬ። ለማዳም «ሥጋውን እዚያው ትኩሱን ልጥበስላችሁ» አልኳት። ደስ አላት። ሁለት ዓርብ ሄድኩ፣ ምንም አልሆነም፤ ከኋላ ከዕቃው ጋር ተጣጥፌ ወገቤ ተቆረጠ። ሦስተኛው ዓርብ ከረፋዱ ላይ፣ ስለታም ድንጋይ የበዛበት ደረቅ ወንዝ ስናቋርጥ ጎማው ፈነዳ። ትንሽ ተንፏቀቅንና አሸዋው ላይ ቆምን።

ከፊላችን ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወረደና ወደ ጉብታው ሄደ። ልጄ ወረደ። ሌላው ሁሉ እንደተቀመጠ ነው። የመኪናው ማሞቂያ በርቷል፣ ልጆቹ ስልክ ያያሉ፣ ማዳም አንገቷን ደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። በመስኮቱ ልጄን አየሁት፤ ጣውላውን አሸዋው ላይ እያደላደለ ነው። ቀና ብሎ መስኮቱን አየ፣ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው።

የከፊላችን ሥራ በአፉ ነው፤ ሲናገር ሁሉም ይሰማዋል። እኔ ደግሞ ሥራዬ በእጄ ነው። ምንጣፉን ጎተትኩ፣ ፔርሙዙን፣ ተምሩን፣ ብስኩቱን ይዤ ወረድኩና ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቄ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር፣ ነፋሱ ከማይደርስበት አነጠፍኩ። ሻዩን ቀዳሁና «ልጆች፣ ብስኩት!» አልኩ። ልጆቹ ሮጠው መጡ። ማዳም ልጆቿ ሲወርዱ «ጫማ! ጫማ አድርጉ!» እያለች ተከተለቻቸው። የተቀረችው ማማ ከቢራ ናት።

ሄጄ በሩን ከፈትኩላት። «ማማ፣ ሻይ ደርሷል።»

«እዚሁ አምጪልኝ።»

«እዚያ ይሻላል፣ ፀሐይ አለ።»

«እዚሁ አምጪልኝ አልኩሽ።»

ክሪኩ መውጣት ጀምሯል። መኪናው ከእጄ ሥር ትንሽ ከፍ ሲል ተሰማኝ። የልጄ ጫማ ከጎማው አጠገብ ይታየኛል። ምንጣፍ አለቀ፣ ብስኩት አለቀ። የቀረኝ ያው የማልናገረው ነገር ነው።

«ማማ፣ ልጄ ከሥር ነው» አልኳት። ዓረብኛዬ ተሰባበረ። «ከሥርሽ ነው ያለው። እባክሽ ውረጂልኝ።»

ወደ ታች አየች፣ ከዚያ እኔን። ስትቆጣ እንደምታደርገው ቅንድቧ ተሰበሰበ።

«ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም?» አለችኝ። «ይሄን ሁሉ ሻይ ሻይ ትይኛለሽ!»

እጇን ዘረጋችልኝ። ክብደቷን በሙሉ ትከሻዬ ላይ ጥላ እያቃሰተች ወረደች። ምንጣፉ ድረስ ግን አልሄድም አለች፤ ሻርፗ እየተውለበለበ ነፋሱ ላይ ቆመች። ከፊላችን ይህንኑ ሲያይ ስልኩን ከጆሮው አወረደና እየፈጠነ መጣ።

«እናቴን በዚህ ነፋስ ማን አወረዳት?»

ማማ ከቢራ ሻርፗን ታስራለች።  ኢቃማው፣ ቪዛው፣ ዘጠኙ ዓመት ሁሉ ባንድ ላይ ትዝ አሉኝ።

ልጄ ከጎማው ጀርባ ተነሳ። እጁ በአሸዋ ነጥቷል። «እኔ ነኝ አሚ» አለ። «ሰው ውስጥ ተቀምጦ አላነሳም።»

ድምፁ ቀጭን ነበር፤ የሕፃንነቱን ድምፅ መሰለኝ። ከፊላችን አየው፣ ክሪኩን አየ። ከየት እንደመጣ አልጠየቀም። «ያላ፣ ቶሎ ጨርስ» ብሎ ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰ። ያ ብቻ ነው። የአራት ሳምንት ጭንቀቴና የእንቅልፍ እጦቴ መልሱ ያላ ቶሎ ጨርስ ነው። አልጮኸም፣ አላባረረም። እንዲያውም ይበልጥ ያናደደኝ ይኸው ነው፤ ነገሩ ያን ያህል ቀላል ከነበረ ያ መዳፍ ለምን ተገፈፈ?

ጎማው ተለወጠ። ዕቃ ስንጭን ልጄ አጠገቤ መጣና ጥርሱን ገጥሞ «ሁለተኛ እንዳትመጪ» አለኝ።

«ምን አደረግኩህ?»

«አንቺ ስላለሽ ነው ያልኩት። ገባሽ? ብቻዬን ብሆን እል እንደሆን እኔም አላውቅም። ልወቀው።»

ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ዓርብ ዕቃውን ቆጥሬ እጭናለሁ፣ ክሪኩና ጣውላው ከኋላ መኖራቸውን አያለሁ፣ በሩ ሲዘጋ ወጥ ቤት እገባለሁ። ሲመለሱ በመጀመሪያ መዳፉን ነው የማየው፤ ቀጥሎ ማማ ከቢራን ወደ ክፍሏ እየደገፍኩ እጠይቃታለሁ።

«ዛሬ ወረድሽ ማማ?»

«ለምን እወርዳለሁ? ጎማው ደህና ነው» ትለኛለች።

ጎማው ደህና በመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ግን ብቻውን ሲሆን ውረዱ ይል እንደሆን እስካሁን አላወቅኩም፣ እሱም አላወቀም። አምስት ዓርብ ሆነ።